ከሕመም በኋላ ሌሊት ደጋግሞ የሚነቃ ሕፃን፦ ድሬዳዋ ላይ ምን ይደረጋል?

ትኩሳቱ ለቆታል፣ ተቅማጡ ቆሟል፣ ቀን ቀን ይጫወታል። ሌሊት ግን በየሰዓቱ ይነሳል፤ ካልታዘለ ወይም ጡት ካልጎረሰ አይተኛም። ብዙ ሕፃናት ከሕመም በኋላ እንዲህ ይሆናሉ። የሕፃን እንቅልፍ በዙር የሚሄድ ነው፤ አንዱ ዙር ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ በየዙሩ መጨረሻም ሕፃኑ ትንሽ ባነን ይላል። በሕመሙ ሰሞን በባነነ ቁጥር ታቅፏል፣ ታዝሏል፣ ጠብቷል። የታመመ ልጅ የሚያዘው እንዲሁ ነውና ጥፋት የለውም። ሕመሙ ሲሄድ ግን ልማዱ ይቀራል፤ ልጁ በባነነ ቁጥር ያንኑ ያስተኛውን ነገር ይጠይቃል።

ችግሩ ልማዱና ያልዳነ ወይም የተራበ ሰውነት አንድ ዓይነት ለቅሶ ማልቀሳቸው ነው። ልማድ ነው ብሎ ጆሮው የታመመን ልጅ ማስለቀስ ጭካኔ ነው፤ ገና አልዳነም እያሉ ለወራት ማዘልም እናትን ይጨርሳል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አታዛንፉ፦ መጀመሪያ ሕመሙን ማጣራት፣ ቀጥሎ አንድ ሳምንት ሰውነቱን መመገብ፣ ልማዱን መንካት ከዚያ በኋላ። ግቡም ሌሊቱን ሙሉ ሳይነቃ እንዲያድር ማድረግ አይደለም። ከመታመሙ በፊት 2 ጊዜ ይነቃ ከነበረ ወደዚያው 2 መመለስ ነው።

መመሪያው ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ሌሊት መጥባት አለበት፤ ለእሱ ስለ ሕመም ምልክትና ስለ ክፍሉ የተጻፈው ይጠቅማል፣ ጡት ስለመቀነስ የተጻፈው ግን አይመለከተውም።

ሕመሙ በእርግጥ ለቋል?

የመጀመሪያዎቹን 2 ሌሊቶች ምንም አትቀይሩ፤ ብቻ ጻፉ። ስንት ሰዓት ነቃ፣ ምን አስተኛው፣ በስንት ደቂቃ ተኛ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ትዝታው አይታመንም፤ 4 ጊዜ የነቃውን 10 ጊዜ ይመስለዋል።

ሙቀቱን በብብቱ ለኩ። 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ነው። ነገር ግን ድሬ ላይ ከጀርባ የወረደ ወይም ከፀሐይ የገባ ልጅ ሳይታመምም ሊግል ይችላል። ልብሱን አቅልሉለት፣ 15 ደቂቃ ጥላ ውስጥ አቆዩትና ደግማችሁ ለኩ። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን ግን መጠበቅ የለም፤ 37.5 ካሳየ ወይም ሰውነቱ ከ35.5 በታች ከቀዘቀዘ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ2 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታይ። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም አልነቃ ብሎ ከፈዘዘ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርታችሁ ወደ ድል ጮራ ወይም ወደ ሳቢያን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ጆሮ ብዙ ጊዜ ከጉንፋን በኋላ የሚመጣ፣ በቀላሉ የሚዘነጋ ሕመም ነው። ምልክቱን እዩ፦ ትከሻችሁ ላይ ቀጥ ብሎ ይተኛል፣ አግድም ባስተኛችሁት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጮኻል፣ ጆሮውን ይጎትታል፣ ሲጠባ ጀምሮ ያቋርጣል። ይህን ካያችሁ ጤና ጣቢያ ጆሮው ይታይ፤ ዘይትም ሆነ ሌላ ነገር አትጨምሩበት።

አሁን የድሬዳዋው ጉዳይ። እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ በትንኝ የሚተላለፈው የደንጊ ትኩሳት ተነሥቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ተመላልሷል። የደንጊ ክፉ ጠባዩ አደጋው ትኩሳቱ በሚወርድበት ጊዜ መምጣቱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ከጀመረ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ውስጥ። ስለዚህ ትኩሳቱ ትናንት የለቀቀው ልጅ ዛሬ ሌሊት ዕረፍት ካጣ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ሆዱን ሲነኩት ካለቀሰ፣ ከድዱ ወይም ከአፍንጫው ደም ከወጣ፣ እጅ እግሩ ከቀዘቀዘ ይህ የእንቅልፍ ጉዳይ አይደለም፤ ሆስፒታል ነው። ደንጊ አለመሆኑ ሳይጣራ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን አይሰጥም፤ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። ወባም እንዲሁ ይታሰብ። እ.ኤ.አ. በ2022 በዚሁ ከተማ ወረርሽኝ ያስነሣው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባለው ትንኝ በውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ስለሚራባ በበጋም አይጠፋም። «አሁን የወባ ወቅት አይደለም» ብላችሁ የደም ምርመራውን አትዝለሉ። ሮቶውንና በርሜሉንም ግጥም አድርጋችሁ ክደኑ።

እንቅልፍ የሚነሳው መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል

ለሚያፏጭ ደረት የሚሰጠው ሳልቡታሞል ልጁን ያነቃቃዋል፣ እጁንም ያንቀጠቅጠዋል። ፕሬድኒሶሎን በምሽት ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሳል፤ በቀን አንዴ ከሆነ የታዘዘው ጠዋት ይሰጥ እንደሆነ ባለሙያውን ጠይቁ። አንቲባዮቲክ ሆድ ያላላል፤ በዚያ ምክንያት መቀመጫው ቀልቶ የሚያቃጥለው ልጅ ዳይፐሩ በረጠበ ቁጥር ይነቃል። ቢሆንም አንቲባዮቲኩን አታቋርጡ፤ ሲታጠብ ቆዳውን በደንብ አድርቁ፣ የዚንክ ኦክሳይድ ቅባት ወፈር አድርጋችሁ ቀቡት፣ ቀን ቀን ያለ ዳይፐር አየር ይግባው። ለተቅማጥ የታዘዘ ዚንክም ተቅማጡ ቢቆም እስከ መጨረሻው ይወሰዳል፤ ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን።

ፓራሲታሞል የትኩሳትና የሕመም መድኃኒት ነው፤ ማስተኛ አይደለም። በእርግጥ ካስፈለገ መጠኑ በክብደት ነው፦ በእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። 8 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ፣ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ያለው ሽሮፕ ከሆነ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። የሽሮፖቹ ጥንካሬ ስለሚለያይ በጠርሙሱ ላይ ያለውን አንብቡ፤ በሻይ ማንኪያ ሳይሆን በሲሪንጅ ለኩ።

አንድ ሳምንት ሆዱን ሙሉ

ለአንድ ሳምንት ያህል በቅጡ ያልበላ ልጅ ሌሊት ቢራብ እውነቱን ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት የሌሊቱን ጡት አትቀንሱ፤ ምግቡን ወደ ቀኑ እየሳባችሁ አምጡት። ከሕመም በኋላ ቢያንስ ለ2 ሳምንት ከወትሮው 1 ተጨማሪ ምግብ በቀን ይሰጠው። ገንፎው ከማንኪያ የማይንጠባጠብ ይሁን፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት፣ የተፈጨ ለውዝ ወይም በደንብ የበሰለ እንቁላል ይግባበት። ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሰጥም፤ ልጁም በ2 ሰዓት ውስጥ ይራባል።

ድሬ ላይ እኩለ ቀን ማንም አይርበውም፤ ሕፃንም እንደዚያው። በግድ አታጉርሱት። ከበድ ያለውን ምግብ ሙቀት ሳይነሣ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እና 4 ሰዓት አካባቢ፣ ከዚያም ፀሐይ ስትበርድ ከ11 ሰዓት በኋላ ስጡት። በመካከሉ ጡትና፣ ከ6 ወር በላይ ከሆነ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በትንሽ በትንሹ። ቀን በጥማት የቆየ ልጅ ሌሊት ጡት ላይ ይካካሳል፤ ይህ በሙቀት ከተማ በብዛት የሚታይ፣ በቀላሉም የሚስተካከል የመንቂያ ምክንያት ነው። ሽንቱ ጥቁር ቢጫ ከሆነ ወይም እርግብግቢቱ ከጎደጎደ ፈሳሽ አንሶታል፤ እርግብግቢቱ የጎደጎደ፣ ዓይኑም የሰረጎደ ልጅ በዚያው ቀን ይታይ። ከ6 ወር በታች ያለው ግን ምንም ያህል ቢሞቅ ከጡት ሌላ ውኃ አያስፈልገውም፤ ቶሎ ቶሎ ይጥባ።

የምታጠባ እናት ከሰዓት በኋላ ቡና፣ ጠቆር ያለ ሻይና የሐረሩን ሆጃ (ከቡና ተክል የሚፈላ መጠጥ) ብትቀንስ ይረዳል። ጫት ግን በወተት ስለሚተላለፍ ሕፃኑን ያነቃዋል፤ ባትቅም ነው የሚሻለው።

ክፍሉ

የቆርቆሮ ጣሪያ ቀን የጠጣውን ሙቀት እስከ ሌሊቱ 5 እና 6 ሰዓት ድረስ ወደ ታች ይተፋል። በዚያ ሰዓት የሚነቃ ልጅ ብዙ ጊዜ ሞቆት ነው። ጣታችሁን በማጅራቱ ላይ አሳርፉ፤ ከረጠበ ሞቆታል። እጅና እግርን መዳሰስ አያመለክትም፤ የሕፃን እጅ እግር ሞቆትም ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል።

ቀን መስኮቱንና መጋረጃውን ዝጉ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ግራና ቀኝ ክፈቱ። ቬንቲሌተሩን ከ2 ሜትር ያህል አርቁት፣ ፊቱ ላይ ቀጥ አታድርጉት፤ እየዞረ ግድግዳ እየነካ ይመለስ። አጎበር ነፋስን ስለሚቀንስ በአንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ይቻላል። አየሩ ደረቅ በሆነ ሰሞን የተጨመቀ እርጥብ አንሶላ መስኮት ላይ መስቀል ያቀዘቅዛል፤ ዝናብ ዘንቦ አየሩ ሲርስ ግን ያፍናል፣ አውርዱት። መብራት ከጠፋ ልጁ በዳይፐር ብቻ ወይም በስስ የጥጥ ካናቴራ ይተኛ። በግንቦትና በሰኔ በረንዳ ላይ ማደር ካለም አጎበሩ በአራት ማዕዘን ይታሰር፣ ጫፉም ከፍራሹ ሥር ይገባ። አዲስ አጎበር ከፕላስቲኩ ከወጣ በኋላ 24 ሰዓት ጥላ ላይ ተሰቅሎ ይናፈስ። የደንጊ ትንኝ ቀን ስለሚናከስ የቀን እንቅልፉም በአጎበር ውስጥ ይሁን። ሐረር ላይ ያላችሁ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ጉዳያችሁ ተቃራኒ ነው፤ እናንተ ከለበሳችሁት አንድ ልብስ ብትጨምሩለት ይበቃል፤ በብርድ ልብስ አትጠቅልሉት።

ዕጣን፣ ከሰልና የትንኝ ጭስ ልጁ የሚተኛበት ክፍል ውስጥ አይጨሱ። ደረቱ ገና ያልጠገገ ልጅ በጭስ ሌሊቱን ሲያስል ያድራል፤ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ደግሞ ይገድላል። አፍንጫው ከታፈነ ከመኝታ 10 ደቂቃ በፊት ከፋርማሲ የተገዛ የጨው ውኃ ጠብታ በእያንዳንዱ አፍንጫ ከ2 እስከ 3 ጠብታ አድርጉ፣ ትንሽ ቆይታችሁ በመሳቢያው ሳቡ።

መኝታው ጠንካራና ዝርግ ፍራሽ ይሁን፤ ትራስ የለ፣ ፎጣ የለ። እስከ 1 ዓመት በጀርባው አስተኙት። ለሳል ይሻለዋል ብላችሁ ጭንቅላቱን በትራስ ከፍ ማድረግ አንገቱን አጥፎ ትንፋሹን ያጠብባል።

ቀኑን መልሱ

የታመመ ልጅ ቀን ብዙ ይተኛል። ድሬ ላይ ደግሞ ቤቱ ሁሉ ከምሳ በኋላ ጋደም ስለሚል፣ ልጁ ከ7 እስከ 11 ሰዓት ቢተኛ የሚቀሰቅሰው የለም። የቀትሩን እንቅልፍ በ2 ሰዓት ገድቡት፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላም አያስተኙት። ጠዋት ሌሊቱ ምንም ያህል ቢከፋ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሥቶ ብርሃን ይይ።

ሌሊቱ፦ ደረጃ በደረጃ

ሳምንቱ አልፎ፣ ትኩሳት ሳይኖር፣ ምግቡን ሲበላ ይህን ጀምሩ።

1. ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ለብ ባለ ውኃ እጠቡት። ቀዝቃዛ ውኃ ያነቃዋል። ከዚያ ቀለል ያለ ልብስ፣ ጡት ወይም ምግብ፣ አጎበር። በየቀኑ ይኸው፣ በዚሁ ቅደም ተከተል፣ ከ30 ደቂቃ ሳይበልጥ።

2. ጡቱ ከመጨረሻው ትንሽ ይቅደም። ጡት ጎርሶ የሚተኛ ልጅ በባነነ ቁጥር ጡት ይፈልጋል። ዓይኑ ሲከብድ፣ ገና ጭልጥ ሳይል ነው ወደ መኝታው የሚሄደው።

3. በሕመሙ ሰሞን ጀርባ ላይ መተኛት ለምዶ ከሆነ በአንድ ሌሊት አይተውም። ለመጀመሪያዎቹ 3 ሌሊቶች አዝሉት፣ ግን ጭልጥ ሳይል አውርዱት። ሲያወርዱት ስህተቱ የሚፈጠረው በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ነው፦ አንቀልባው ይፈታል፣ ጭንቅላቱ ቀድሞ ይወርዳል፣ ልጁ የወደቀ መስሎት እጁን ዘርግቶ ይደነግጣል። ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ አንቀልባውን ሳትፈቱ አላሉት፣ ወደ ጎን አዙራችሁ ወደ ደረታችሁ አምጡት። መቀመጫው ቀድሞ ፍራሹን ይንካ፣ ቀጥሎ ጀርባው፣ ጭንቅላቱ በመጨረሻ። አንድ እጅ ደረቱ ላይ ይቆይ፤ ትንፋሹ እስኪረዝም ድረስ አታንሱት። ስታነሱም በአንዴ ሳይሆን ክብደቱን እየቀነሳችሁ ነው።

4. ሌሊት ሲንቀሳቀስ ወይም ሲያጉረመርም ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ጠብቁ። ሕፃን ተኝቶም ያጉረመርማል፤ በዚህ ጊዜ ካነሣችሁት ያልነቃውን ልጅ ራሳችሁ አነቃችሁት ማለት ነው።

5. ለቅሶ ከሆነ በቅደም ተከተል፦ ድምፅ ብቻ («እሹሩሩ» በዝግታ)፤ ከዚያ እጅ ደረቱ ላይ፤ ከዚያ በጎኑ መታ መታ ማድረግ፤ ከዚያ ማቀፍ። ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ ያህል ስጡት። ለቅሶው እየናረ ከሄደ ደረጃ ዝለሉና አቅፉት። ማጥባት የመጨረሻው ነው፤ የሚጠባበት ሰዓት ካልሆነ በስተቀር።

6. መብራት አታብሩ፣ ስልክ አታሳዩት፣ ዳይፐሩ ካካ ካልያዘ ወይም ካላፈሰሰ አትቀይሩት።

በሕመሙ የተጨመረውን ጡት ወይም ጡጦ ደግሞ አንድ በአንድ ቀንሱ። ከማስታወሻችሁ ላይ ትንሽ የሚጠባበትን ምረጡ። 10 ደቂቃ የሚጠባ ከሆነ በየ2 ሌሊቱ 2 ደቂቃ ቀንሱ፦ 8፣ 6፣ 4። ከ5 ደቂቃ በታች ሲሆን በማባበል ተኩት። ጡጦ ከሆነ በየ2 ሌሊቱ 30 ሚሊ ሊትር ቀንሱ፤ ውኃ አብዝታችሁ አታቅጥኑት። የተበጠበጠ የጣሳ ወተት በድሬ ሙቀት ቶሎ ስለሚበላሽ አስቀምጣችሁ አታሳድሩ፤ በተፈለገ ጊዜ አዲስ አዘጋጁ። ከመታመሙ በፊት ይጠባ የነበረውን ቁጥር ስትደርሱ አቁሙ። እስከ 2 ዓመት ቀንም ሌሊትም ማጥባት ጤናማ ነገር ነው፤ ይህን መቀጠል የምትፈልግ እናት ምንም የምታስተካክለው ነገር የለም።

3ኛው ወይም 4ኛው ሌሊት ከመጀመሪያው ሊብስ ይችላል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤት የሚፈርሰው፤ በ9 ሰዓት ሌሊት ተሸንፎ ማዘል፣ በማግስቱ እንደገና መከልከል። ልጁ ከዚህ የሚማረው ረዘም አድርጎ ማልቀስን ነው። ከደከማችሁ ወደ 3ኛው ሌሊት ደረጃ ተመለሱና እዚያው 2 ቀን ቆዩ፤ ወዲያና ወዲህ ከማለት ይህ ይሻላል። ንጋት ላይ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ እንቅልፉ ስለሚሳሳ አዛኑም ቅዳሴውም የባጃጁም ድምፅ ይቀሰቅሰዋል፤ የቬንቲሌተሩ እኩል ድምፅ ይሸፍንለታል።

ቤተሰብና ጠያቂ

ድሬዳዋ ላይ ሰው የሚጠያየቀው ሲበርድ ነው፤ ያ ደግሞ ልጁ የሚተኛበት ሰዓት ነው። ጠያቂ በረንዳ ላይ ይስተናገድ፣ ቢቻል ከ12 ሰዓት በፊት፤ ጉንፋን ያለበት አይታቀፈው። አያት ቤት ውስጥ ካለች ከመጀመሪያው ቀን በፊት ንገሯት፦ «እማዬ፣ ሲነቃ መጀመሪያ እጅሽን ደረቱ ላይ አድርጊለት፣ ዝም ካላለ ጥሪኝ» ማለት «አታንሺው» ከማለት ይሻላል፤ ሥራ ተሰጥቷታልና ታግዛለች።

ሰላም ያስተኛዋል ተብሎ የሚሰጥ ነገር አይኑር። ፕሮሜታዚን የሚባለው የአለርጂ መድኃኒት ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ማር ከ1 ዓመት በፊት ቦቱሊዝም ሊያስከትል ይችላል። የሚያስውጡት ቅቤ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ግግና እንጥል ማስቆረጥ ደም ያፈሳል፣ ያመረቅዛል። የሜንቶል ቅባትም ለዚህ ዕድሜ አይሆንም።

ወላጆች ሌሊቱን ክፈሉት፦ አንዱ ከምሽቱ 3 እስከ 8 ሰዓት፣ ሌላው ከ8 እስከ 12። ተረኛ ያልሆነው ሌላ ክፍል ይተኛ፤ ቢያንስ 4 ሰዓት ያልተቆራረጠ እንቅልፍ ያገኘ ሰው ነው መታገስ የሚችለው። እናቲቱ ለማጥባት ብቻ ትጠራ። የተናደደ ሰው ልጁን በጀርባው መኝታው ላይ አስተኝቶ በሩን ገርበብ አድርጎ 5 ደቂቃ ይውጣ። ሕፃን አይናወጥም፤ አንጎሉ ውስጥ ደም ያፈሳል።

2 ሳምንት በዚህ ሄዳችሁ ለውጥ ከሌለ፣ ሳሉ ከ14 ቀን ካለፈ፣ ወይም ክብደቱ ካልጨመረ ማስታወሻውንና የመድኃኒት ጠርሙሶቹን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ክብደቱ ይመዘን፣ ጆሮው ይታይ፣ መዳፉ ነጣ ካለ ደሙ ይመርመር። በተለይ ወባ የያዘው ልጅ ደም ሊያንሰው ይችላል፤ የብረት እጥረት ያለበት ልጅ ደግሞ እንቅልፉ ይረበሻል፣ በማባበል ብቻ አይስተካከልም። በመካከሉ አዲስ ትኩሳት ከተነሣ ሁሉንም አቁማችሁ እንደፈለገ ታቀፉት፣ አጥቡት፤ ሲድን ከአንድ ሳምንቱ ምግብ ጀምራችሁ ትቀጥላላችሁ።